የቀኝ ዓይን ቀለበት

ባሌ ጣውንት አምጥቶብኛል ስል የሚደነግጥልኝ ሰው አይጠፋም። ስንት ናቸው ብሎ ሲጠይቀኝ አንድ መሳቢያ ሙሉ እለዋለሁ። ሁሉም አጫጭር ናቸው፣ ሁሉም ከእኔ የበለጠ ተጠንቅቀው ይያዛሉ፣ በየተራ ደረቱ ላይ ተንጠልጥለው ይውላሉ።

ባይኖኩላሮቹን ማለቴ ነው። ያውም መንገድ ዳር ከፀሐይ መነጽር ጋር ተደርድሮ የሚሸጠውን ዓይነት አይደለም። እነዚህ መዳፍ ላይ የሚያልቁ፣ ታጥፈው ሸሚዝ ኪስ የሚገቡ፣ መስታወታቸው እንዴት እንደተወለወለ ሲወራ ተረት የሚመስል ናቸው። ዋጋቸውን አልናገርም፤ እኔም በስንት ልመና ነው የረሳሁት።

ባሌ የክሬን ኦፕሬተር ነው። ከፎቁ ሁሉ በላይ በተንጠለጠለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ፌሮውን፣ ኮንክሪቱን፣ ተሠርቶ የመጣውን ግድግዳ ሲያነሳና ሲያወርድ ይውላል። ሳይት ላይ ንስሩ ይሉታል። የሰንሰለት መላላት ከሥሩ ከቆመው ሰው ቀድሞ የሚያየው እሱ ስለሆነ ነው። ስሙን አልወደውም ይላል እንጂ፣ ስልክ አንስቶ "ንስሩ ነኝ" ሲል ድምፁ እንዴት እንደሚሞላ የምሰማው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያዋን የገዛት በተጋባን ሰሞን ነው። ለሥራ ነው አለኝ፤ ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ትልቁ አይመችም፣ ይህቺ ኪስ ትገባለች አለኝ። አመንኩት፤ ያኔ ሰው ማመን ይቀናኝ ነበር። አንድ እሁድ ጠዋት በረንዳችን ላይ ቆሞ፣ እስቲ ግቢው መጨረሻ ሄደሽ ታንከሩ ሥር ቁሚልኝ አለኝ። ግቢያችን ረጅም ነው፤ ከሕንፃችን ተነስቶ እስከ ኋላው አጥር ይዘልቃል፤ እዚያ ጥግ ላይ በብረት እግር የቆመ የውኃ ታንከር አለ። እዚያ ቆሜ ምን ልሁን ስለው፣ የሚታይ ነገር ያዢልኝ አለ።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። በዚያ ሰዓት እጄ ላይ የነበረው ነጭ የገበር ቁራጭ ነው፤ የስፌት መኪናዬን የምሞክርበት ስለሆነ ጥቁር ስፌት በጥቁር ስፌት ሆኗል። ከላይ ወፍራሙ፣ ከሥሩ ቀጠን ያለው፣ እንዲህ እያለ የመጨረሻው መስመር እኔ ራሴ አፍንጫዬ ሥር አድርጌ ካልሆነ የማላየው ነው። አንዳንዱ ስፌት ቆሟል፣ አንዳንዱ ተኝቷል፣ አንዳንዱ ዘሟል። እሱን በሁለት እጄ ዘርግቼ ታንከሩ ሥር ቆምኩ።

ኋላ እንዳስረዳኝ፣ መጀመሪያ ቀኝ ዓይኑን ጨፍኖ መሃል ያለችውን መዞሪያ እያዞረ ለግራው አስተካከለ። ቀጥሎ ግራውን ጨፈነና ቀኙ ላይ ያለችውን ቀጭን ቀለበት ቀስ እያደረገ አዞረ። የሰው ሁለት ዓይን እኩል አይደለም፤ ያቺ ቀለበት የተሠራችው ሁለቱን ለማስታረቅ ነው። ያኔ ግን ይህን ሁሉ ማን ነግሮኝ፤ የማውቀው ክንዴ መዛሉን ብቻ ነበር።

ከዚያ ከበረንዳው ላይ መጮህ ጀመረ። ስፌቶቼን ነው የሚጠራው፤ ቆመ፣ ቆመ፣ ተኛ፣ ዘመመ፣ ተኛ። ጎረቤት በየመስኮቱ ብቅ እያለ ይስቃል፤ አዲሶቹ ሙሽሮች አብደዋል ተብሎ ተወርቷል አሉ። የመጨረሻውን መስመር ሳይቀር ጠራው፤ አንዱንም አልሳተም። ቀጥሎ ዝም አለ፤ ዝምታው ሲረዝም ምን ሆነ ብዬ ጨርቁን ዝቅ አደረግኩ።

"መርፌው ጨርቁ ላይ ነው" አለኝ። "እንዳይወጋሽ።"

ጎንበስ ብዬ ሳይ እውነቱን ነው። ጥግ ላይ መርፌ ሰክቼ ረስቻለሁ። ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከግቢው ወዲያ ማዶ፣ እኔ ይዤው ያላየሁትን መርፌ ሰውየው አይቶታል። እጄን በአፌ ጫንኩ። እሱም እዚያ ላይ ሆኖ እንደ እኔው አፉን ይዞ ቆሞ ነበር።

ያቺን የቀኝ ቀለበት ከዚያ ወዲህ አልነካትም። አንዴ ከቆመች ቆመች ነው ሕጉ። መሃል ያለችውን እንደ ርቀቱ ያዞራታል፤ የቀኟን ግን እንኳን ሌላ ሰው እሱም ጣቱን አያሳርፍባትም፤ የእኔና የእሷ ስምምነት ነው ይላል። ከእኔ ጋር ያለውን ስምምነት እንዲህ ቢጠብቅ ኖሮ ስንቴ ከመንገድ ዳቦ ይዞ በገባ ነበር።

ከዚያ መሳቢያው እየሞላ ሄደ። አዲስ በገባች ቁጥር እኔ ያንኑ ጨርቅ ይዤ ታንከሩ ሥር እቆማለሁ፣ እሱ ይጮሃል፣ ጎረቤት ይስቃል። ሲያልቅ ለአዲሷ ከረጢት እሰፋላታለሁ። በዚያ ሰሞን የማንን መጋረጃ እየሠራሁ ከሆነ ከእሱ ትርፍራፊ ነው የምሰፋው። አንዷ የሆቴሉን ቀይ ከፋይ ለብሳለች፣ አንዷ የጥርስ ሐኪሙን ሰማያዊ፣ አንዷ ማዶ የገቡትን ሙሽሮች ባለ አበባ። ለጣውንቶቿ ልብስ የምትሰፋ ሌላ ሴት ካያችሁ ንገሩኝ።

አዲስ የገዛ ሰሞን ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። ከሥራ ሲመለስ ሳይቀመጥ ማውራት ይጀምራል። ከክሬኑ ገመድ ላይ የተንጠለጠለች የጤዛ ጠብታ አይቶ ውስጧ ከተማው ሁሉ ተገልብጦ ነበር። ሩቅ ያለ ጣሪያ ላይ አንዲት እናት የልጇን ጫማ ክር ስታስር አይቶ፣ ልጁ እጁን ራሷ ላይ እንዴት እንዳሳረፈ ይነግረኛል። "ዓለም ታጥባ የተሰጣች ነው የመሰለችኝ" አለኝ አንዴ። ቀናሁበት፤ እውነቱን ልናገር። እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት ከወዲያ በኩል ጨርቅ ይዤ ቆሜያለሁ እንጂ አንድም ቀን ከወዲህ በኩል ሆኜ አላየሁባትም። ነይ እዪ ሲለኝ፣ ጣውንቴን ዓይኗን አላይም እያልኩ እያሾፍኩ እምቢ ስል ነው የኖርኩት።

ችግሩ፣ ደስታው አይበረክትም። ዓመት ያልፋል፣ ትንሽ ይጨመርበታል፣ ከዚያ አንድ ቀን ያቺን ተወዳጅ ዓይኑ ላይ ያደርግና ያወርዳታል፤ መልሶ ያደርጋል፣ መልሶ ያወርዳል። "ሞተች" ይላል። ቀኟ ደብዝዟል፣ ወይ ሙጫዋ ለቋል፣ ወይ እርጥበት ገብቶባታል። ፋብሪካዎቹ እንደ ድሮ አይሠሩም። ይኸው ነው ልቅሶው። ከዚያ አዲስ ይገዛል፣ ቀለበቷን በአዲስ ያስተካክላል፣ ዓለምም ትታጠባለች። የሞቱትን ለምን አትሸጣቸውም ስለው፣ ዘመድ ይሸጣል ወይ ይለኛል።

እንዲህ እንዲህ ስንል የመጨረሻዋ መጣች። እስከ ዛሬ ከመጡት ሁሉ ትንሿና ውዷ ናት፤ ጨብጣችሁ ይዛችኋት የያዛችሁት ነገር ያለ አይመስላችሁም። ታንከሩ ሥር ቆምኩ፤ ግራውን ጨፍኖ ቀለበቷን እስከ መጨረሻው አዞራት፤ የታችኞቹን መስመሮች ሊጠራ አልቻለም። ደግመን ሞከርን፣ አልሆነም። ቀኝ ቱቦዋ ጉድለት አለበት ብሎ እንደ ነፋስ ወደ ሻጩ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

ሻጩ ሽማግሌ ናቸው። ከዋናው መንገድ በላይ፣ አንድ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ባለች ክፍላቸው ውስጥ ከእነዚህ ከትንንሾቹ በቀር ሌላ አይሸጡም። ባሌ ለስንት ዓመት እንደ አባት ሲያከብራቸው ኖሯል፤ ያን ቀን ግን ሰደቡኝ አለ። ምን አሉህ ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። እኔ ደጃቸውን አልረግጥም፣ አንቺ መልሽላቸው ብሎ ከረጢቷን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ።

በማግስቱ ይዤ ልወጣ ስል ፉጨት መጣ። ፉጨት የባሌ ጓደኛ ነው፤ መሬት ላይ ሆኖ በሬዲዮ ምልክት የሚሰጠው እሱ ነው፤ ከሬዲዮ በፊት በፉጨት ያደርገው ስለነበር ነው ስሙ የቀረው። ያን ቀን ተረኛ አልነበረም፤ የሱሪ ጫፍ ላሳጥርለት ነው የመጣው። እያወራን ሳለ፣ "እትዬ፣ ንስሩን ምን እያበላሽው ነው? እጁ ከብዷል" አለኝ እየሳቀ። ድሮ ጭነት ሲያሳርፍ እንቁላል የሚያስቀምጥ ነው የሚመስለው፣ ሰሞኑን ግን ዱብ ያደርገዋል፣ መሬቱ ከገመተው ቀድሞ የሚደርስበት ነው የሚመስለው አለ። ነገ ደግሞ ተሠርቶ የመጣውን የብረት ደረጃ ያነሳሉ፤ ሕንፃው መሃል በተተወ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ከሥር ሆነው በእጃቸው የሚቀበሉት ሰዎች አሉ። ሳቅኩ እኔም። መንገድ ላይ ግን እርምጃዬን አፋጠንኩ።

ሽማግሌው ባይኖኩላሯን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ዞሩና ብዙ አዩባት።

"ዕቃዋ ምንም የላትም፣ ልጄ" አሉኝ። "ባለቤትሽን አንድ ነገር ብለው ተቆጣኝ። ድጋሚ አልናገርም፤ አንቺ ራስሽ እዪባት።"

እኔ እኮ አይቼ አላውቅም አልኳቸው። ያን ሁሉ ለባሌ የሸጡት ሰውዬ ደንግጠው አዩኝ። ከዚያ ሁለቱን ቱቦ እንደ ዓይኖቼ ስፋት አጠፉልኝ፤ ቀለበቷን ከነበረችበት ጫፍ መልሰው፣ እኔን እየጠየቁ፣ መሃል ላይ ያለችው ምልክት ጋ አቆሙልኝና በመስኮቱ አዙሪያት አሉኝ።

ምን ብዬ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያየሁት ሰው ጣሪያ ላይ የተሰጣ ካፖርት ነው። ካፖርቱ አይደለም የገረመኝ፤ ሁለተኛው ቁልፉ ነው። በአንዲት ክር ተንጠልጥሎ በነፋሱ ይሽከረከር ነበር፤ ክሯም ከሌሎቹ ቁልፎች ክር በቀለም ትለያለች፤ አንድ ጊዜ ተበጥሶ በችኮላ የተሰፋ ነው። ማንነቱን የማላውቀው ሰው፣ ከስንት መንገድ ማዶ፣ በችኮላ ቁልፍ ሲሰፋ አየሁት ማለት ነው። ከጣሪያው ክዳን ጠርዝ የሸረሪት ድር ነበረ፤ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ያበራል። ስፌት ላይ ዕድሜዬን ፈጅቼ እንዲያ የጠራ ክር አይቼ አላውቅም። ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት፤ ብተነፍስ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። ለካ ይህን ነበር በየማታው ሊነግረኝ የሚሞክረው፤ ለካ ይህን ነበር እምቢ ስል የኖርኩት። እንባዬ መጣ፣ አልደብቅም።

ከዚያ ክሬኑን አገኘሁት። ከጣሪያዎቹ በላይ ቢጫ ሆኖ ቆሟል፤ ክንዱን ተከትዬ ወደ ክፍሏ መጣሁ። ባሌ ውስጥ ነበረ። ሲሠራ አይቼው አላውቅም፤ እዚያ ላይ ብቻውን፣ ከበታቹ ከተማ ተዘርግቶ፣ ሁለት እጁ መሪዎቹ ላይ። ኩራት ኩራት አለኝ። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። በእጅጌው መስታወቱን ጠረገ፤ የቀኙን በኩል ብቻ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጠረገው። መስታወቱ ንጹሕ ነው፤ ፀሐይ አልፋ ፊቱ ላይ ታርፋለች። ጭነት ሊያወርድ ሲል ፊቱን ወደ ቀኝ ዞር አደረገና በግራ ዓይኑ ወደ ታች ተመለከተ።

ባይኖኩላሯን ከዓይኔ አወረድኳት። ሽማግሌውን አመስግኜ፣ ዕቃዋን ይዤ ወጣሁ። እሳቸውም በሩን ከፍተው ያዙልኝ።

ቤት እንደገባሁ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬን አጸዳሁና መሳቢያውን አወጣሁ። ቅደም ተከተላቸውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ልብሳቸውን ሰፍቼ የለ። የመጀመሪያዋ፣ የገበሩን ነጭ የለበሰችው፣ ከዳር ተቀመጠች። ቀጥሎ ባለ ቀይ ከፋይዋ፣ ቀጥሎ የጥርስ ሐኪሙ ሰማያዊ፣ እንዲህ እያልኩ እስከ አዲሷ ደረደርኳቸው። ከየከረጢታቸው አውጥቼ የቀኝ ቀለበታቸውን ተመለከትኩ። እያንዳንዷ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለች። የመጀመሪያዋ ነጥብ መሃል ላይ ናት። የሁለተኛዋ ከመሃል ፈቀቅ ብላለች። የሦስተኛዋ ከዚያም ፈቀቅ። እየቆየ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ አንዷም ወደ ኋላ ሳትመለስ፣ ነጥቧ እየሄደች እየሄደች የአዲሷ ከነበረችበት የመጨረሻ ጫፍ ትደርሳለች። የአዲሷን ሽማግሌው ወደ መሃል መልሰዋታል እንጂ የት እንደነበረች በዓይኔ አይቻለሁ።

የስፌት መኪና የክር መወጠሪያ አለው። አንዱን መኪና በየወሩ ትንሽ ትንሽ ማጥበቅ ካስፈለገኝ መኪናው አርጅቷል እላለሁ። ቤት ውስጥ ያሉትን መኪናዎች ሁሉ እኩል ማጥበቅ ካስፈለገኝ ግን ችግሩ ክሩ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት ሁሉ የተሠሩት በተለያየ ፋብሪካ፣ በተለያየ ዓመት ነው። አንድ የሚያደርጋቸው የባሌ ቀኝ ዓይን ብቻ ነው። ክው ብዬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ያሉት፣ እሱም ስድብ ያለው፣ ይህንኑ ነበር።

መጀመሪያ የታየኝ ዓይኑ አይደለም፤ ደረጃው ነው። ነገ ከሥር ቆመው እጃቸውን ዘርግተው የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው። ባሌን ብነግረው የሚሰበረውን አውቃለሁ፤ ንስሩ ነኝ ብሎ ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው። ባልነግረው የሚሰበረውንም አውቃለሁ። ነጭ ገበር አወጣሁና አዲስ ጨርቅ መስፋት ጀመርኩ። መስመሮቹ እንደ ድሮው ከወፍራም ወደ ቀጭን ናቸው፣ የቆመውንና የተኛውን ግን ቀላቀልኩት።

ሲመጣ ፀሐይ ገና አልገባችም። ሽማግሌው ደህና ናት ብለዋል፣ እስቲ አንዴ ሞክራት፣ ግራህን ጨፍን አልኩት። አጉረመረመ፣ ግን ሙከራ አይወድም ማለት ውሸት ነው፤ ከመጠየቄ በረንዳው ላይ ነበረ። ቀለበቷን መልሶ እስከ ጫፍ አዞራት። ታንከሩ ሥር ሄጄ አዲሱን ጨርቅ ዘረጋሁ።

ጠራው። ቆመ፣ ቆመ፣ ተኛ፣ ዘመመ፣ ተኛ። በሙሉ ድምፁ፣ ሳይጠራጠር። እኔ የያዝኩት ግን ተኛ፣ ዘመመ፣ ዘመመ፣ ቆመ፣ ቆመ ነው። ሁለተኛውን መስመር ጠራ፤ የአሮጌውን ጨርቅ ሁለተኛ መስመር። እየዋሸኝ አልነበረም። በዚያ ሁሉ ዓመት በቃሉ ይዞት፣ ጭጋጉ ውስጥ የሚያየው መስሎት ነው። ከሦስተኛው ላይ ቆመና ከዚህ በታች አይታይም፣ አላልኩሽም ወይ አለ። አንጀቴን በላው። ጨርቁን ፊቴ ላይ ትንሽ ያዝኩት፣ እንዳያየኝ፤ ለነገሩ በዚያ ዓይን አያየኝም ነበር።

ወጥቼ ጨርቁን ከአሮጌው ጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ሁለቱን አየ። ከዚያ ከጎናቸው የተደረደሩትን አየ።

"ጨርቁን ቀይረሽዋል" አለ።

"ቀይሬዋለሁ።"

"እኔ የጠራሁት የቱን ነው?"

"አሮጌውን" አልኩት። "እነሱ አልሞቱም። አንዷም አልሞተችም።"

ይቆጣኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልተቆጣም። ከመጀመሪያዋ ጀምሮ እያንዳንዷን እያነሳ ነጥቧን በጥፍሩ እየነካ ሄደ። መጨረሻ ላይ ሲደርስ ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነና ቤቱን ዞሮ አየው፤ ግድግዳውን፣ መኪናዬን፣ እኔን። እኔን ሲያይ ብዙ ቆየ። 

"ነገ ከሥር ሰው አለ" አለና ስልኩን አነሳ። ለፎርማኑ ነው የደወለው። ነገ አልወጣም፣ ዓይኔን ልታይ ነው፣ ሌላ ሰው ፈልግ አለው። ገና ሲያነሳ ማን ልበል ሲለው ንስሩ ነኝ አላለም፤ እኔ ነኝ ነው ያለው። በዚያች ሰዓት ከወደድኩት በላይ ወድጄው አላውቅም።

ሞራ ነው አለች የዓይን ሐኪሟ። ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ቀስ በቀስ ሲደነድን መጀመሪያ እይታውን ይቀይረዋል፣ ኋላ ያደፈርሰዋል፤ ግራው ጤነኛ ስለሆነ ሸፍኖለት ኖሯል። የደፈረሰው ወጥቶ በምትኩ ሌላ ይገባል አለች። ይህን ስትል ባሌ፣ ፍርሃት አንቆት የነበረው ሰውዬ፣ ቀና አለ። ሌንሱን ላየው ወይ አላት። አሳየችው፤ ከምስር ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። ከምን እንደተሠራ፣ ጠርዙ ላይ ብርሃን ይበተን እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ እርጥበት ያስገባ እንደሆነ ጠየቃት። ሽማግሌው ፊት ተቀምጦ እንደሚከራከረው ነው የተከራከራት። ሐኪሟ ሳቋን መያዝ አቃታት። ስንወጣ፣ ከሁሉም ትንሿ ይህቺ ናት አለኝ፤ የምትዞር ቀለበት እንኳ የላትም። ለእሷ ከረጢት እንደማልሰፋላት ነገርኩት።

ቀዶ ጥገናው ደህና አለፈ። ሽፋኑ ተነሳ፣ ጠብታው አለቀ፣ ሐኪሟ መርምራ ሥራ መጀመር ትችላለህ የሚል ወረቀት ሰጠችው። ደስ ያለኝ እኔ ነኝ፤ እሱ ግን ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። መሳቢያውን ቀና ብሎ አላየውም። ሽማግሌውን ይቅርታ ሊጠይቅ ሄዶ እንኳ ምንም ሳይነካ ነው የተመለሰው። ፈርቷል። ከሐኪምም ከወረቀትም ይልቅ የሚያምናት አንዲት ነገር አለችና እሷ እምቢ ያለችው እንደሆነ ምን እንደሚሆን አላወቀም።

እሁድ ጠዋት እኔው መሳቢያውን ሳብኩና የመጀመሪያዋን አወጣኋት። ነጩ ከረጢቷ ቢጫ ሆኗል። ቀለበቷ በተጋባን ሰሞን ያቆማት ቦታ ላይ ናት፤ ማንም አልነካትም።

"ግራዬን ጨፍኜ፣ ቀለበቷን ሳልነካ፣ የመጨረሻውን መስመር ካነበብኩ ሰኞ እወጣለሁ" አለኝ። "ካላነበብኩ አልወጣም። ወረቀቱ ምንም ቢል።"

በማለዳ ተነስቼ የሰፋሁት፣ እሱ ያላየው ሦስተኛ ጨርቅ ነበረኝ። ታንከሩ ሥር ሄጄ ዘረጋሁት። ታንከሩ ዝጓል፣ አጥሩ ታድሷል፣ የሚስቁት ጎረቤቶች ግማሹ ሄደው በሌላ ተተክተዋል፤ አዲሶቹም በመስኮት ብቅ ማለት ጀመሩ። ክንዴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ገና ሳልቆም ዛለ።

ጠራው። ተኛ፣ ተኛ፣ ቆመ፣ ዘመመ። የጨርቁን ጀርባ እያየሁ ከእሱ ጋር በሆዴ እቆጥራለሁ። ሁለተኛውን ጠራ፣ ሦስተኛውን። ድምፁ በየመስመሩ እየቀነሰ መጣ፤ እየፈራ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እየገረመው ነው። የመጨረሻውን መስመር፣ እኔ ራሴ አምፖል ሥር የሰፋሁትን፣ አንድ በአንድ ጠራው። አንዱንም አልሳተም። ያቺ ሞታለች የተባለች፣ ስንት ዓመት ከመሳቢያው ሥር የተጣለች፣ ነጥቧ ሳይነቃነቅ፣ ዓይኑ ተመልሶ እሷ ያለችበት ድረስ እስኪመጣላት ጠብቃዋለች።

ከዚያ ዝም አለ። ጥግ ላይ መርፌ ሰክቻለሁ፤ በዚህኛው ረስቼ አይደለም። እስኪናገር ጠበቅኩ።  ዝምታው ረዘመ፣ ጎረቤቱም መሳቁን ተወ።

"መርፌውን አላየኸውም?" አልኩት በመጨረሻ፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ።

"መርፌውንማ መጀመሪያ ነው ያየሁት" አለ። ትንሽ ቆየና፣ "ጸጉርሽ ሸብቷል" አለኝ። "መቼ ነው የሸበተው?"

በሰው ፊት ሆኖ ነው እንጂ የምለውን አውቅ ነበር። ጨርቁን አነሳሁና ራሴ ላይ ጣል አደረግኩት።

"አውርጂው" አለ ባሌ ከበረንዳው፣ ባይኖኩላሯን ከዓይኑ ሳያነሳ። "እባክሽ አውርጂው። እያየሁ ነው።"

አወረድኩት። ክንዴን ቢያመኝም፣ ጎረቤት ቢያየኝም፣ ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ብትገባም፣ ታንከሩ ሥር ቆምኩለት።